የሰሎሞን ምሳሌ ስለ ክርስቶስ ይናገራል? ጥቅስ ከመምዘዛችሁ በፊት የሚሠራ ሥራ

ትንቢት ስንፈልግ እጃችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ኢሳይያስ፣ ወደ ሚክያስ ወይም ወደ ዳንኤል ነው። መጽሐፈ ምሳሌን የምንገልጠው ስለ አንደበት፣ ስለ ስንፍና ወይም ስለ ልጅ አስተዳደግ ምክር ስንሻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ከመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ጀምራ በምሳሌ፣ በኢዮብ፣ በመክብብና በመጽሐፈ ጥበብ ውስጥ ክርስቶስን አንብባለች። ከእነዚህ ንባቦች አንዳንዶቹ ሐዋርያት ራሳቸው በከፈቱት መንገድ የሚሄዱ ናቸው። አንዳንዶቹ አበው ምእመናንን ሲያስተምሩ ያመጧቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንድ ሰባኪ መድረክ ላይ ቆሞ የመጣለት ሐሳብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስቱም በእኩል እርግጠኝነት "ይህ ስለ ክርስቶስ የተነገረ ትንቢት ነው" መባላቸው ነው። ሰሚው መለየት ያቅተዋል። አንድ ቀን ደካማውን ንባብ የሚያፈርስበት ሰው ሲገጥመው ጠንካራውንም አብሮ ይጥለዋል።

ስለዚህ ጥቅሱን ከመምዘዝ በፊት የምትሄዱባቸውን ደረጃዎች ላስቀምጥ። ማኅበር ላይ ለምታስተምሩም፣ የቤት ጥናት ለምትመሩም፣ ለብቻችሁ ለምታነቡም ይሆናል። የሚያስፈልጋችሁ ማጣቀሻ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቢቻል ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች፣ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሰማንያ አሐዱ (81 መጻሕፍት ያሉት መጽሐፍ ቅዱስ) ካላችሁ በጣም ጥሩ፤ መጽሐፈ ጥበብ፣ ሲራክና ባሮክ ይመጣሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቆጠራ የምሳሌ መጽሐፍ ለሁለት እንደሚከፈል አትርሱ፤ ከምዕራፍ 25 ጀምሮ ያለው ተግሣጽ ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። እኔ እዚህ የምጠቅሰው በተለመደው በ31 ምዕራፍ አቆጣጠር ነው። ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ምሳሌውን መጀመሪያ በምሳሌነቱ አንብቡት

የአንድምታ መምህራን (ለአንድ ቃል "አንድም" እያሉ ብዙ ትርጉም የሚሰጡት) ነጠላውን፣ ማለትም ቀጥተኛውን ትርጉም ሳይፈቱ ወደ ምሥጢር አይዘሉም። "አንድም" የሚለው ኋላ ነው የሚመጣው። እዚህም ሥርዓቱ ያው ነው። ጥቅሱን ጻፉና ከሥሩ አንድ ጥያቄ አስቀምጡ፦ ይህ ቃል ለመጀመሪያው ሰሚ ምን አለው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱ። መልሱ ካልመጣላችሁ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትሂዱ።

ምሳሌ 18፥24ን እንውሰድ። ከወንድም አብልጦ የሚጠጋ ወዳጅ አለ ይላል። "ይህ ወዳጅ ኢየሱስ ነው" ሲባል ስንቴ ሰምተናል። ክርስቶስ ደቀ መዛሙርቱን ወዳጆች ብሏቸዋል፣ ዮሐንስ 15፥15 ላይ፤ ስለዚህ ቃሉን ለእርሱ መስጠት ያምራል። ጥቅሱ ራሱ ግን ስለ ወዳጅነት ነው የሚያወራው። ብዙ ባልንጀራ ያለውን ሰው አንድ እውነተኛ ወዳጅ ካለው ጋር ያስተያያል። ደብተራችሁ ላይ "ለክርስቶስ ሊነገር የሚገባ" ብላችሁ ጻፉ። "ትንቢት" አትበሉት።

ሐዋርያትም አብዛኛውን ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የጌታን ተግሣጽ አትናቅ የሚለው ምሳሌ 3፥11-12 ዕብራውያን 12 ላይ ተጠቅሷል። ለትሑታን ጸጋን ይሰጣል የሚለውን 3፥34 ያዕቆብም ጴጥሮስም ጠቅሰውታል። ጠላትህ ቢራብ አብላው የሚለው 25፥21-22 ሮሜ 12፥20 ላይ አለ። ወደ ትፋቱ ስለሚመለሰው ውሻ የተነገረው 26፥11 ደግሞ 2ኛ ጴጥሮስ 2፥22 ላይ። በሁሉም ቦታ ምክሩ ምክር ሆኖ ነው የቀረው።

2. የትኛው ክፍል ላይ እንዳላችሁ እወቁ

ምሳሌ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መጽሐፍ አይደለም። ከ1 እስከ 9 ረጃጅም ግጥሞች ናቸው፤ አባት ልጁን ይመክራል፣ ጥበብም በሴት አምሳል አደባባይ ወጥታ ትጣራለች። ከ10 ጀምሮ አጫጭሮቹ ይመጣሉ። 25፥1 የሕዝቅያስ ሰዎች የሰበሰቡት እንደሆነ ይናገራል። 30 የአጉር፣ 31 መጀመሪያው የልሙኤል እናት ቃል ነው። ስለ መሲሕ ጠንከር ያለ ንባብ የሚወጣው በአብዛኛው ከ8፣ ከ9 እና ከ30 ነው።

ከአጫጭሮቹ ውስጥ ለየት የሚሉት ስለ ንጉሥ የተነገሩት ናቸው፦ 16፥10፣ 20፥28፣ 25፥2-5። እነዚህ ከዳዊት ቤት የሚጠበቀው ንጉሥ ምን መምሰል እንዳለበት ይሥላሉ። እስራኤል እንዲህ ያለ ንጉሥ በሙላት አላየችም፤ ሰሎሞን ራሱ መጨረሻው አላማረም። ኢሳይያስ 11 ደግሞ ከእሴይ ግንድ በሚወጣው ላይ የጥበብና የማስተዋል መንፈስ እንደሚያርፍ ይናገራል። ከዚያ ማቴዎስ 12፥42ን አንብቡ፤ ጌታ "ከሰሎሞን የሚበልጥ ከዚህ አለ" ይላል። ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል ስታነቡ ስለ ንጉሥ የተነገረው ምሳሌ ተስፋ ሆኖ ይታያችኋል። አንዱን ቁጥር ብቻውን አውጥታችሁ ትንቢት ነው ብትሉ ግን የሚሸከመው የለም።

3. አዲስ ኪዳን በሩን የት እንደከፈተ ፈልጉ

ይህ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል፤ ውሰዱለት። ጥያቄው ሐዋርያት ክርስቶስንና የብሉይ ኪዳኗን ጥበብ ራሳቸው አገናኝተዋል ወይ የሚል ነው። አገናኝተዋል። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥24 ላይ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ኃይልና የእግዚአብሔር ጥበብ ይለዋል። ይህ ግን ጅማሬው ነው።

ሉቃስ 11፥49ን እና ማቴዎስ 23፥34ን ጎን ለጎን ክፈቱ። ንግግሩ አንድ ነው፤ ስለሚገደሉና ስለሚሰደዱ ነቢያት ነው። በሉቃስ "የእግዚአብሔር ጥበብ እንዲህ አለች፦ ነቢያትንና ሐዋርያትን እልካለሁ" የሚል ነው። በማቴዎስ ያንኑ ቃል ኢየሱስ በራሱ አንደበት "እኔ እልካለሁ" ብሎ ይናገረዋል። በአንዱ ጥበብ የቆመችበት ቦታ ላይ በሌላው ክርስቶስ ቆሟል። ይህን ያየ ሰው ስለ ጥበብ የተጻፈውን ሁሉ በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

ማቴዎስ 11፥28-30ንም ከሲራክ 51 መጨረሻ ጋር አስተያዩ። ሲራክ ያልተማሩትን ወደ እኔ ቅረቡ ይላል፣ አንገታችሁን ከጥበብ ቀንበር በታች አድርጉ ይላል፣ ጥቂት ደክሜ ብዙ ዕረፍት አገኘሁ ይላል። ጌታ ደግሞ ወደ እኔ ኑ፣ ቀንበሬን ተሸከሙ፣ ዕረፍት ታገኛላችሁ አለ። ልዩነቱን ልብ በሉ። ሲራክ ሰውን የሚጠራው ወደ ጥበብ ነው። ጌታ የሚጠራው ወደ ራሱ ነው።

ማቴዎስ 13፥35 ደግሞ "አፌን በምሳሌ እከፍታለሁ" የሚለውን ከመዝሙር 78 (በሰባው ሊቃናት፣ በጥንቱ የግሪክ ትርጉም ቁጥር 77) ይጠቅስና በነቢዩ የተባለው ተፈጸመ ይላል። መዝሙሩ የአሳፍ ነው፣ የአስተማሪ ድምፅ ያለው። የጥበብ ቃል የትንቢት ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ወንጌሉ ራሱ አሳየን ማለት ነው። በሩ እውነተኛ በር ነው። ግን በሩ ስለተከፈተ የቤቱ ዕቃ ሁሉ የእናንተ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚህ ነው ቀጣዩ ደረጃ ያስፈለገው።

4. ምሳሌ 8፦ ሦስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ

ከጥበብ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ምሳሌ 8፥22 ክርስቲያኖችን ያከራከረ ጥቅስ የለም ብል የተጋነነ አይሆንም። ጥበብ "እኔ" እያለች ትናገራለች፤ ቀላያት ሳይኖሩ፣ ምንጮች ሳይፈልቁ፣ ተራሮች ሳይቆሙ እግዚአብሔር የመንገዱ መጀመሪያ እንዳደረጋት ትናገራለች። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስና ተከታዮቹ የያዙት የሰባ ሊቃናት ትርጉም "ፈጠረኝ" የሚል ነው። ጥበብ ክርስቶስ ከሆነ፣ ጥበብም ተፈጠርሁ ካለች፣ እንግዲያው ወልድ ፍጡር ነው አሉ። የሚገርመው ተቃዋሚዎቻቸው "ጥቅሱ ስለ ክርስቶስ አይደለም" ብለው በቀላሉ አላመለጡም። ሁለቱም ወገን ስለ ወልድ እንደሚናገር ይቀበላል። ክርክሩ እንዴት ይናገራል የሚለው ላይ ነበር። ጉባኤ ኒቅያ በ325 ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ከወሰነ በኋላም ቢሆን ጥቅሱ አላረፈም።

የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ አርዮሳውያንን ሲቃወም በዚህች ቁጥር ላይ ብዙ ገጽ ጽፏል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ደንብ አስቀምጧል፣ እኔም ለማንኛውም አንባቢ የምሰጠው ደንብ ይህ ነው። ቃሉ የተነገረበትን ጊዜ ጠይቅ። የተነገረለትን አካል ጠይቅ። የተነገረበትን ጉዳይ ጠይቅ። መቼ፣ ስለ ማን፣ ስለ ምን።

በደብተራችሁ ላይ ሥሩት። "ስለ ማን" ለሚለው አትናቴዎስ ወልድ ብሎ ይመልሳል። "ስለ ምን" ለሚለው ደግሞ ቁጥሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቃል ያነሣል፤ በግሪኩ የተፈጠረው "ለሥራው" ነው። ለሥራ ከሆነ፣ ጉዳዩ ለድኅነታችን ሰው መሆኑ ነው፤ "መቼ" የሚለውም በሥጋዌ ይመለሳል። ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ቁጥር 25 ላይ፣ ግሪኩ ከኮረብቶች ሁሉ በፊት ይወልደኛል ይላል፤ እዚያ "ለሥራው" የሚል የለም። ይህ ዘላለማዊ ልደቱ ነው አለ። በተጨማሪም ምሳሌ በግልጥ የሚናገር ሳይሆን የተሸፈነ ንግግር ስለሆነ ላይ ላዩን ይዞ መሮጥ አይገባም ብሎ አስጠነቀቀ።

በአፈታቱ ሙሉ በሙሉ ላትስማሙ ትችላላችሁ። ከቁጥር 22 እስከ 31 ያለው ክፍል ሲነበብ ስለ ፍጥረት መጀመሪያ ነው የሚመስለው፣ ስለ ቤተ ልሔም አይመስልም። እኔ ራሴ ዘይቤውን በምሳሌ 3፥19 ነው የምፈታው፤ እግዚአብሔር በጥበብ ምድርን መሠረተ ይላል። ምዕራፍ 8 ያንኑ የእግዚአብሔር ጥበብ እንደ ሰው አናግሮ ያመጣዋል። ከዚያ ዮሐንስ 1ን፣ ቆላስይስ 1፥15-17ን፣ ዕብራውያን 1፥3ን እከፍታለሁ። ዕብራውያን "የክብሩ ነጸብራቅ" ሲል መጽሐፈ ጥበብ 7፥26 ስለ ጥበብ የሚለውን ያስተጋባል። ሐዋርያት ስለ ወልድ ለመናገር ቋንቋ ሲፈልጉ ከዚህ ቤት ነው የወሰዱት። ሦስቱ ጥያቄዎች ግን ለማንኛውም አፈታት ይሠራሉ፤ ዛሬም ክርስቶስ ፍጡር ነው የሚሉ ሰዎች ይህችኑ ቁጥር ይዘው ደጅ ሲያንኳኩ የምትቆሙበት መሬት ይሆኗችኋል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። አርዮሳውያንን የሚደግፈው የሮም ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ በ356 አካባቢ ለአክሱም ገዢዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስን ወደ እስክንድርያ እንዲመልሱት ጠይቋል፤ በአትናቴዎስ ወንበር በተቀመጠው በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ነበር። የክርክሩ እሳት አክሱም ድረስ ደርሶ ነበር።

5. ምሳሌ 30፥4፦ ትርጉሞችን ሳታስተያዩ አትናገሩ

"ወደ ሰማይ የወጣ የወረደም ማን ነው? ነፋስን በእጁ የሰበሰበ ማን ነው? ስሙ ማን ነው? የልጁስ ስም ማን ነው?" ይህን የሰማ ክርስቲያን ልቡ ወደ አንድ ስም ይሮጣል። ዮሐንስ 3፥13ም ከሰማይ ከወረደው በቀር ወደ ሰማይ የወጣ የለም ይላል። ግን ቀስ በሉ።

መጀመሪያ ቁጥር 2ንና 3ን አንብቡ። አጉር ጥበብን አልተማርሁም፣ ቅዱሱን አላወቅሁም እያለ ነው። ጥያቄዎቹ የኢዮብ 38 ዓይነት ናቸው፤ ሰውን አቅሙን የሚያሳዩ። የሚጠበቀው መልስ "ከሰው ማንም የለም፣ እግዚአብሔር ብቻ" የሚል ነው።

ቀጥሎ ትርጉም አስተያዩ። ዕብራይስጡ "የልጁ ስም" ይላል። ሰባ ሊቃናት ግን በብዙ ቁጥር "የልጆቹ ስም" ይላል። ስለዚህ ክርክራችሁን በሙሉ "ልጅ" በሚለው ነጠላ ቃል ላይ ብቻ ካቆማችሁ፣ ግሪኩን የሚያውቅ ሰው በአንድ ጥያቄ ያቆማችኋል።

የሚቀረው ግን ትንሽ አይደለም። አጉር የጠየቀው ጥያቄ በብሉይ ኪዳን መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው፤ ኢየሱስም ለኒቆዲሞስ፣ ለእስራኤል መምህር፣ ወጥቶ የወረደው ማን እንደሆነ ሲናገር ያንን ጥያቄ የሚመልስ ይመስላል። ይህን "ማስተጋባት" ብላችሁ መዝግቡት። ዮሐንስ ምሳሌን ጠቅሶ ተፈጸመ አላለም። ደግሞም ቁጥር 6ን አስተውሉ፤ ከጥያቄው ሁለት መስመር ወረድ ብሎ አጉር በቃሉ ላይ አትጨምር፣ እንዳይዘልፍህ ይላል።

6. አበው ምን አሉ? እርስ በርሳቸውስ?

ምሳሌ 9 ጥሩ መለማመጃ ነው። ጥበብ ቤትዋን ሠራች፣ ሰባት ምሰሶ አቆመች፣ ፍሪዳዋን አረደች፣ ወይን ጠጅዋን ደባለቀች፣ ኑ እንጀራዬን ብሉ አለች። የካርቴጁ ቆጵርያኖስ በ3ኛው መቶ ዓመት በጽዋው ውኃ ብቻ የሚያቀርቡ ሰዎችን ሲቃወም ይህን ክፍል ስለ ቅዱስ ቁርባን የተነገረ አድርጎ ጠቅሷል። አውግስጢኖስ ቤቱን ቃል ከድንግል ማኅፀን የነሣው ሥጋ አድርጎ አነበበው። ሌሎች ምሰሶዎቹን ከኢሳይያስ 11 ሀብታተ መንፈስ ቅዱስ ጋር አገናኟቸው። በነጠላ ትርጉሙ ደግሞ ምዕራፉ የሁለት ሴቶች ግብዣ ነው። ጥበብ በቁጥር 4 የምትጣራበትን ቃል ሞኝነት በቁጥር 16 ቃል በቃል ትደግመዋለች። መንገደኛው የሚሰማው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው፤ ማዕዱ ግን አንዱ ሕይወት ነው፣ ሌላው ሞት። ይህን የያዘ ሰው የቆጵርያኖስን ንባብ በደንብ ይቀበላል፤ የሕይወት ማዕድ የሚለው ሐሳብ ከክፍሉ ከራሱ የወጣ ነውና።

ሁሉም ንባብ እንዲህ አይደለም። መክብብ 10 ንጉሥሽ ሕፃን የሆነ አገር ሆይ ወዮልሽ፣ ንጉሥሽ የከበረ ልጅ የሆነ ብፅዕት ነሽ ይላል። አውግስጢኖስ የመጀመሪያውን ንጉሥ ዲያብሎስ፣ ሁለተኛውን ክርስቶስ አደረገው። ለስብከት ያምር ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ግን ወደዚያ የሚወስድ ምልክት አላገኘሁም፣ ሐዋርያትም አልሄዱበትም። "የአንድ አባት ንባብ" ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

በሌላኛው ጫፍ የሞፕሱስትያው ጳጳስና የመጻሕፍት ተርጓሚ ቴዎድሮስ አለ። ሰሎሞን የማስተዋል ጸጋ እንጂ የትንቢት ጸጋ አልተቀበለም ብሎ ነበር። በ553 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ሲወገዝ ከተነበቡበት ቃላት አንዱ ይህ ነው። "እነዚህ መጻሕፍት ትንቢት ናቸው ወይስ ምክር" የሚለው ጥያቄ የዛሬ አለመሆኑን ለማወቅ ይረዳችኋል።

7. የአይሁድን ንባብ ሳታውቁ ከአይሁዳዊ ጋር አትከራከሩ

እነርሱም ይህችን ጥበብ ሲያነቡ ኖረዋል። ሲራክ 24 እና ባሮክ 4 ጥበብን ከሙሴ ሕግ ጋር አንድ ያደርጓታል። ዘፍጥረት ራባ የሚባለው ሚድራሽ (የጥንት ረቢዎች የዘፍጥረት ትርጓሜ) ገና ሲጀምር ምሳሌ 8፥30ን አንሥቶ እግዚአብሔር ኦሪትን እየተመለከተ ዓለምን ፈጠረ ይላል። ወደ ሰማይ የወጣው ማን ነው ለሚለውም የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ ተርጓሚ ራሺ ሙሴን ያስባል። ክርስቲያኑ "ኦሪት" የሚሉበት ቦታ ላይ "ክርስቶስ" ይላል፤ የሚለየን ይኸው ነው፣ ስሙን ጠርቶ በአክብሮት መነጋገር ይቻላል።

8. በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ደረጃ ስጡት

አራት ምልክት ይበቃል፦ ሐዋርያት የጠቀሱት፣ አዲስ ኪዳን የሚያስተጋባው፣ አበው ያነበቡት፣ የራሴ ሐሳብ። ስታስተምሩ ምልክቱን በአፋችሁ ተናገሩት። "ይህ የአበው ንባብ ነው" ማለት ስብከቱን አያደክመውም፤ ሰሚው በምን ላይ እንደቆመ ያውቃል።

በመጽሐፈ ጥበብ 2፥12-20 ሞክሩት። ክፉዎች በጻድቁ ላይ ይማከራሉ። እግዚአብሔርን አባቴ ይላል፣ እውነት ከሆነ ያድነው፣ በሚያዋርድ ሞት እንፍረድበት ይላሉ። ከማቴዎስ 27፥43 ጋር አስቀምጡት፤ የካህናት አለቆች ከመስቀሉ ሥር የሚሉትን ስሙ። መዝሙር 22ም (በሰባው ሊቃናት 21) እዚያ ውስጥ ስላለ ማስተጋባቱ ከሁለት ወገን ነው። መጽሐፉ በግሪክኛ የተጻፈ ነው፣ ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችንም በቀኖናቸው አይቆጥሩትም፤ ከእነርሱ ጋር ስታጠኑ ከመዝሙሩ ጀምሩ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የምመክራችሁ ኢዮብ 28 ነው። "ጥበብ ግን ከወዴት ትገኛለች?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ባሮክ ምዕራፍ 3ን እስከ መጨረሻው አንብቡ፣ ከዚያ ዘዳግም 30፥11-14ን፣ ከዚያ ሮሜ 10፥6-8ን። በእያንዳንዱ ላይ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ፣ ምን እንደመጣ ጻፉ፤ ምልክቱን የምትሰጡት አራቱንም ካነበባችሁ በኋላ ነው።